አንባቢ ያገኘ ደብተር

በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚጻፍ ድርሰት ለማን እንደሚጻፍ መጠየቅ የተለመደ አይደለም፤ ለመምህሩ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋልና። ተማሪው ርእስ ይሰጠዋል፣ ይጽፋል፣ ደብተሩን ያስረክባል፣ ከቀናት በኋላም በቀይ እስክሪብቶ የተሠመረበትን ገጽና ከአሥር ያገኘውን ነጥብ አይቶ ደብተሩን ይዘጋዋል። ጽሑፉን ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰውም ያነበበው ተማሪው የሚነግረውን ለማወቅ ጓጉቶ ሳይሆን ስሕተቱን ለይቶ ነጥብ ለመስጠት ነው። ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የሠሩ መምህራንና ተመራማሪዎች ግን፣ የተማሪ ጽሑፍ በእኩዮቹ ፊት ሲነበብ፣ ጥያቄ ሲነሣበት፣ በጋራ ሲታረምና ከክፍሉ ወጥቶ ሲሠራጭ የሚለወጠው የጽሑፉ ጥራት ብቻ እንዳልሆነ፣ ጸሐፊው ራሱን የሚያይበትና ሌሎች እርሱን የሚያዩበት ዐይን፣ ማለትም ማንነቱ፣ አብሮ እንደሚለወጥ ደርሰውበታል።

ይህንን ለመረዳት በሥነ ልሳንና በትምህርት ጥናት «የዲስኩር ማኅበረሰብ» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ አስቀድሞ ማብራራት ይገባል። ዲስኩር በዚህ አገባቡ ሰዎች በአንድ የጋራ ጉዳይ ዙሪያ ሲነጋገሩና ሲጻጻፉ የሚከተሉትን የአነጋገር፣ የአጻጻፍና የአስተሳሰብ ስልት በአንድነት ያመለክታል። እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ምሁር ጆን ስዌልስ በ1990 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ስብስብ የዲስኩር ማኅበረሰብ ለመባል ስድስት ነገሮችን ማሟላት እንዳለበት ጽፏል፤ እነርሱም አባላቱ የሚጋሩት የታወቀ ዓላማ፣ እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ፣ በዚያ መንገድ መረጃና ግብረ መልስ የመለዋወጥ ልማድ፣ የራሳቸው የሆኑ የጽሑፍ ወይም የንግግር ዘውጎች፣ ለውጭ ሰው እንግዳ የሚሆኑ ቃላት፣ እንዲሁም አዲስ ገቢዎችን ሊያለማምዱ የሚችሉ በቂ ነባር አባላት ናቸው። ስዌልስ በምሳሌነት ካነሣቸው ስብስቦች አንዱ፣ አባላቱ በልዩ ልዩ አገር ተበታትነው የሚኖሩና በየጊዜው በሚደርሳቸው ጽሑፍ የሚገናኙ፣ በሆንግ ኮንግ የፖስታ ቴምብሮች ላይ የሚያጠኑ ሰዎች ማኅበር ነው። ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ በሚለዋወጡት ጽሑፍ አንድ ማኅበረሰብ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽም እውነት ነው። ሃምሳ ልጆች ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቢቀመጡም፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው የማያነብ ከሆነ በስዌልስ መመዘኛ ገና ማኅበረሰብ አልሆኑም፤ እያንዳንዳቸው ከመምህሩ ጋር ለየብቻ የተሳሰሩ ሃምሳ ግለሰቦች ናቸው። የጋራ ዓላማ የሚባለው ፈተና ማለፍ ቢሆንም እርሱም አንዱ ከሌላው ደብቆ የሚይዘው ዓላማ ነው። ክፍሉን ማኅበረሰብ የሚያደርገው በመካከሉ የሚዘዋወር ጽሑፍ ነው፤ የዚህን እውነትነት ለማየት ከደቡብ ፈረንሳይ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ማተሚያ የገባበት ክፍል

ሴለስታን ፍሬኔ በ1896 በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ የተወለደ የገጠር ልጅ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 ሳንባው ላይ ቆስሎ ከሞት የተረፈ ወታደርም ነበር። በ1920 ባር ሱር ሉ በምትባል መንደር መምህር ሆኖ ሲመደብ ቁስሉ ረጅም ሰዓት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያስተምር አልፈቀደለትም። ልጆቹ እርስ በርስ የሚሠሩበትንና መምህሩ ብቻውን የማይናገርበትን መንገድ እንዲፈልግ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የአካል ጉዳት እንደነበር እርሱ ራሱ ተናግሯል፤ እርግጥ ከዚያ በላይ የገፋፋው ልጆቹ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው ማየቱ ነው። መጻሕፍቱ የሚናገሩት ስለ ሌላ ዓለም ነበር፤ ልጆቹ ግን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ስላዩት ነፍሳት፣ ስለ አባታቸው ሥራ፣ ስለ ወንዙ ሙላት የሚያወሩት ብዙ ነገር ነበራቸው።

ፍሬኔ በ1924 አነስተኛ የእጅ ማተሚያ ገዝቶ ወደ ክፍሉ አስገባ። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የጸናው የሥራ ልማድ እንዲህ ነበር። ልጆቹ በፈለጉት ጊዜና በፈለጉት ጉዳይ ላይ ይጽፋሉ፤ ይህም «ነፃ ጽሑፍ» ተባለ። የጻፉትን ለጓደኞቻቸው ካነበቡ በኋላ ክፍሉ እጅ በማውጣት ከቀረቡት መካከል የሚታተመውን ይመርጣል። የተመረጠው ጽሑፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሰፍርና ጸሐፊው ባለበት በጋራ ይታረማል፤ ያልተገለጠው ነገር ይጠየቃል፣ ሰዋስው ይስተካከላል፣ ጸሐፊው ግን ሐሳቡ የእርሱ መሆኑ አይካድበትም። ቀጥሎ ጥቂት ልጆች ከሣጥኑ የብረት ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ እንደ ማንኛውም ፊደል ለቃሚ ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጠው የሚታዩትን ሆሄያት በመስመር ይደረድራሉ፤ ሌሎቹ ቀለም ይቀባሉ፣ ወረቀት ያስቀምጣሉ፣ ማተሚያውን ይጫናሉ። እያንዳንዱ ልጅ የታተመውን ገጽ ወስዶ ከቀደሙት ጋር ያስራል፤ በዓመቱ መጨረሻም የክፍሉ «የሕይወት መጽሐፍ» በእጁ ይኖራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ነገር ተጠቃልሏል። አንድ ሆሄ ከሣጥኑ ፈልጎ ማውጣትና በቦታው ማስቀመጥ ጊዜ ስለሚወስድ ትርፍ ቃል ዋጋ ያስከፍላል፤ ልጁ አጭርና ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር መጻፍን ከመምህሩ ማሳሰቢያ ይልቅ ከሥራው ይማራል። የፊደል ስሕተትም እንዲሁ፤ በደብተር ላይ የተሳሳተ ሆሄ የአንድ ልጅ ጉዳይ ሲሆን በታተመ ገጽ ላይ ግን የክፍሉ ሁሉ ኀፍረት ስለሚሆን የሚያርመው ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ስለ ቀንድ አውጣዎች እሽቅድምድም የጻፈ ልጅ ጽሑፉ ተመርጦ ሲታተምለት፣ በንባብ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ገጾች የጻፏቸው ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ እርሱም እንደሠራ በዐይኑ ያየዋል።

ፍሬኔ በዚህ አልቆመም። በ1926 በፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በብረታኝ ጠረፍ ትሬጋንክ በምትባል ቦታ ከሚያስተምረው ረኔ ዳንኤል ጋር የክፍሎቻቸውን ጽሑፍ መለዋወጥ ጀመሩ። በኮረብታ ላይ የሚኖሩት ልጆች ስለ አትክልትና ስለ አበባ የጻፉትን የዓሣ አጥማጆቹ ልጆች ያነቡ ነበር፤ እነዚያም ስለ ባሕርና ስለ ጀልባ ይመልሱ ነበር። እዚህ ላይ ነው የማንነቱ ጉዳይ ጎልቶ የሚወጣው። አንድ ልጅ በመንደሩ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለጓደኛው መግለጽ አያስፈልገውም፤ ባሕር ዳር ለሚኖርና ተራራ አይቶ ለማያውቅ እኩያው ሲጽፍ ግን የራሱን መንደር እንደ አዲስ መመልከት፣ የሚያውቀውን ከማያውቀው መለየት፣ «እኛ» የሚለውን ቃል ይዘት ሰጥቶ መጠቀም ግድ ይሆንበታል። «እኛ» ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን የሚታወቀው ለሌላው ሲነገር ነው፤ የባር ሱር ሉ ክፍል አንድ ማኅበረሰብ መሆኑን ከማንም በላይ ያረጋገጡለት የትሬጋንክ አንባቢዎቹ ናቸው።

ወንበሩና ጥያቄው

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ግሬቭስና ጄን ሃንሰን፣ በሶመርስዎርዝ ከተማ በአንድ የአንደኛ ክፍል መማሪያ ውስጥ ሆነው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ልማድ አጥንተው በ1983 አሳተሙ። በክፍሉ «የደራሲ ወንበር» የሚባል አንድ ወንበር ነበር። የጻፈውን ማንበብ የሚሻ ልጅ በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የታወቁ ደራስያንን የልጆች መጽሐፍ ለክፍሉ የሚያነብ ሰውም፣ መምህርት ብትሆን ተማሪ፣ የሚቀመጠው በዚያው ወንበር ላይ ነው። አድማጮቹ በመጀመሪያ ከሰሙት ውስጥ የገባቸውን ለጸሐፊው መልሰው ይነግሩታል፤ ጥያቄ የሚያቀርቡት ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው በሌለበት የታወቀ መጽሐፍ ሲነበብም ይኸው ሥርዓት አይቀርም፤ ልጆቹ ደራሲው ቢጠየቅ ምን ሊመልስ እንደሚችል ይገምታሉ። ከልጆቹ ጽሑፎች የተመረጡት ተጠርዘው፣ በመጨረሻ ገጻቸው ስለ ጸሐፊው አጭር መግለጫ ተጨምሮባቸው፣ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።

ግሬቭስና ሃንሰን ያዩት ለውጥ ሦስት እርከን ነበረው። ልጆቹ መጀመሪያ ደራስያን መጻሕፍት የሚጽፉ ሌሎች ሰዎች እንደሆኑ ብቻ ያውቃሉ፤ ሲቆይ እነርሱም ደራስያን እንደሆኑ መናገር ይጀምራሉ፤ በመጨረሻም፣ ይህ ከሁሉ የላቀው ነው፣ ደራሲ ምርጫ ያለው ሰው እንደሆነ፣ የጻፈውን በሌላ መንገድ ሊጽፈው ይችል እንደነበር ይረዳሉ። ሦስተኛው እርከን ያለ አንባቢ ጥያቄ አይደረስበትም። «ውሻው ለምን ሸሸ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ፣ ምክንያቱን በጽሑፉ ውስጥ ሊያስገባውም ሊተወውም እንደሚችል የሚገነዘበው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ጥያቄው ባይነሣ ኖሮ በአእምሮው ያለው ሁሉ በወረቀቱም ላይ ያለ ይመስለው ነበር።

ይህ ለትንንሽ ልጆች ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሮዝ ኢቫኒች በ1998 ባሳተመችው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገቡ ሰዎች የጥናት ጽሑፍ ሲጽፉ ምን እንደሚገጥማቸው መርምራ፣ በጸሐፊ ውስጥ አራት ዓይነት ማንነት እንዳለ ገልጻለች። አንደኛው ጸሐፊው ከሕይወት ታሪኩ ይዞት የሚመጣው ማንነት ነው፤ ሁለተኛው በጽሑፉ ቃላትና አገላለጽ ውስጥ ለአንባቢ የሚታየው ማንነት ነው፤ ሦስተኛው «ይህን የምለው እኔ ነኝ» ብሎ በሐሳቡ ላይ ሥልጣን የሚይዝበት የደራሲነት ማንነት ነው፤ አራተኛው ደግሞ የሚጽፍበት ማኅበረሰብ ለአባላቱ የሚፈቅዳቸው የማንነት ዕድሎች ናቸው። የመማሪያ ክፍል ሥልጣን ያለው በዚህ በአራተኛው ላይ ነው። ተማሪው ጠያቂ፣ ተራኪ፣ ተከራካሪ ወይም ገጣሚ ሆኖ እንዲቀርብ የሚፈቅድ ክፍል እነዚህን ማንነቶች ያፈራል፤ ከአሥር ስንት አገኘ በሚለው ብቻ የሚያውቀው ክፍል ግን ጎበዝና ሰነፍ ከሚባሉት በቀር ሌላ ማንነት የለውም።

ከቅኔ ቤት

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ፍጹም እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ሥራን በጉባኤ ፊት አቅርቦ ማንነትን የማግኘት ሥርዓት በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ከኖረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤው ወጥቶ ለብቻው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቆጠራ ማለት ቃላቱን እየመረጠ፣ ዜማውን እየጠበቀ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማማ በልቡ መድረስ ነው። ከዚያ ተመልሶ ለየኔታ ወይም በትምህርት ለቀደመው አስነጋሪ ይነግራል። ቅኔው በግእዙ ሰዋስው፣ በምሥጢሩና በቤት አመታቱ ይፈተሻል፤ የጎደለው ይሞላል፤ ያልሆነው ይጣላል፤ ያማረው ጓደኞቹ እየተቀባበሉት በቃል ይያዛል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ በየዕለቱም አዲስ ቅኔ ያቀርባል እንጂ የትናንቱን አይደግምም።

በስዌልስ መመዘኛ የቅኔ ቤት የተሟላ የዲስኩር ማኅበረሰብ ነው። የራሱ ዘውጎች አሉት፤ ለውጭ ሰው የማይገቡ የሙያ ቃላት አሉት፤ ነባሩ ለአዲሱ የሚያስነግርበት ሥርዓት አለው። ማንነትም በዚያው ይገኛል፤ ባለቅኔ የሚባለው በመምህሩና በጉባኤው ፊት ያስመሰከረ ነው፤ የዋሸራ፣ የጎንጅ ወይም የዋድላ ቤት ልጅ መባልም ከየት እንደተማሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚቀኙ የሚናገር መታወቂያ ነው። ልዩነቱ መታለፍ የለበትም፤ ቅኔ በዋነኛነት በቃል የሚደረስ ነው፣ የመጨረሻ ዳኛውም የኔታ ናቸው፤ በፍሬኔ ክፍል ግን ጽሑፍ ነበር፣ የሚመርጡትም ልጆቹ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሁለቱም ቦታ ሠርቶ ማቅረብና ምላሽ ማግኘት የማይነጣጠሉ ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት በቃል ማጥናትን ወርሶ ይህን ታላቅ ልማድ ሳይወርስ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

ማኅበረሰብ ሲጎዳ

ጽሑፍን መጋራት ሁልጊዜ መልካም ፍሬ ያፈራል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ይሆናል። አሜሪካዊው ቲሞቲ ሌንስማየር በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ያስተማረበትን የሦስተኛ ክፍል የጽሕፈት ትምህርት መርምሮ፣ ልጆቹ ጽሑፋቸውን ለማን ማንበብ እንደሚፈልጉና ከማን እንደሚሸሹ ያየውን በሐቀኝነት ጽፏል። በክፍሉ ውስጥ የተወደዱና የተገለሉ ልጆች ነበሩ፤ የተገለሉት በጽሑፍ ክፍለ ጊዜም ተገለሉ፤ ጥቂቶችም ድርሰታቸውን ጓደኛን መሳለቂያ ለማድረግ ተጠቀሙበት። የዲስኩር ማኅበረሰብ እንደማንኛውም ማኅበረሰብ የውስጥና የውጭ ሰው አለው፤ ማንነትን የሚሰጠው አንባቢ ሊነፍገውም ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ብዕሩን ለልጆቹ ትቶ ዳር መቆም አይበቃውም፤ የአነባበቡን ሥርዓት ማዘጋጀት፣ የሚያስነቅፍና የሚያስከብር ምላሽን መለየትና ማስተማር የእርሱ ሥራ ነው። የሶመርስዎርዙ ክፍል አድማጮች ከመጠየቃቸው በፊት የሰሙትን እንዲመልሱ መደረጋቸው ለዚህ ሁነኛ መፍትሔ ነው፤ መጀመሪያ ያዳመጠ ሰው ለመሳለቅ አይቸኩልምና።

ሌላው ተቃውሞ የመጣው ከጥቁር አሜሪካዊቷ የትምህርት ምሁር ከሊሳ ዴልፒት ነው። እርስዋ በ1980ዎቹ በጻፈቻቸው ጽሑፎች፣ ልጆች የራሳቸውን ድምፅ እንዲያወጡ ማድረግ መልካም ቢሆንም፣ በትልቁ ማኅበረሰብ ዘንድ ሥልጣን ያለውን የአጻጻፍ ሥርዓት በግልጽ ካልተማሩ የሚጎዱት በቤታቸው ያንን ሥርዓት ያልሰሙት እንደሆኑ ተከራክራለች። ክርክሩ ትክክል ነው፤ በጋራ ማንበብ ሰዋስውንና ሥርዓተ ነጥብን በግልጽ ማስተማርን አያስቀርም።

የፍሬኔ ታሪክ ራሱ የማስጠንቀቂያ ምዕራፍ አለው። ሳን ፖል ወደምትባል ቦታ ከተዛወረ በኋላ በ1932 አንድ ልጅ ያየውን ሕልም ጽፎ ነበር፤ በሕልሙ ልጆቹ በከተማው ከንቲባ ላይ ያምፃሉ። ጽሑፉ በፍሬኔ ጠላቶች እጅ ገብቶ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ የቀኝ ክንፍ ጋዜጦች ዘመቻ ከፈቱበት፤ ፍሬኔም በ1933 ከሥራ ቦታው ተነሣ። ከዚያ በኋላ በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከክፍል የወጣ ጽሑፍ በእውነተኛ አንባቢ ፊት ይቀርባልና የሚያመጣው ምላሽ በክፍሉ ሥርዓት አይገታም፤ የቱ ከክፍል እንደሚወጣና የቱ በክፍል እንደሚቀር ማመዛዘን ልጁን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት አዋቂ ኃላፊነት ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሥራ የሚሆን መነሻ አለ። ሚኒ ሚዲያው፣ የሥነ ጽሑፍ ክበቡና በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው መጽሔት በብዙ ቦታ ይታወቃሉ። ነገር ግን እነዚህ የሚደርሱት ለጥቂት ደፋር ተማሪዎች ነው፤ ሌላው አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፍበት ብሔራዊ ፈተና በአብዛኛው ከተሰጡት አማራጮች ትክክለኛውን መምረጥ ስለሆነ ጽሕፈት በመምህሩም በተማሪውም ዘንድ ዳር ይቀመጣል፤ ያ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፍ ሲባል፣ አንባቢ ኖሮት የማያውቅ እጁን ነው የሚያነሣው። የክፍሉ ተማሪ ብዛት እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም ሃምሳና ስድሳ ደብተር ብቻውን ለማረም የሚታክት መምህር ሃምሳና ስድሳ አንባቢዎች በፊቱ ተቀምጠው እንዳሉም ሊያስብ ይገባል።

ለዚህ ማተሚያ መግዛት አያስፈልግም። የቋንቋ መምህር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎች ጽሑፍ ንባብ ይስጥ፤ በአምስት በስድስት ተማሪዎች ቡድን እያንዳንዱ የጻፈውን ድምፁን አሰምቶ ያንብብ፤ አድማጮቹ መጀመሪያ የሰሙትን ይንገሩት፣ ቀጥለው አንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ የተጠየቀውን ይዞ ጽሑፉን ያድሰው፤ በወሩ መጨረሻም የሁሉም ጽሑፍ፣ የጎበዞቹ ብቻ ሳይሆን የሁሉም፣ በአንድ ላይ ተጠርዞ በክፍሉ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ርእሳነ መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ይህን ክፍለ ጊዜ የፈተና ዝግጅት ተሻምቶ እንዳይወስደው ይጠብቁት።